ለአባባ ደምሴ ያልተረጎምኩት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ ቤታችን መጥተው ጸበል ረጭተው ሲጨርሱ፣ በር ላይ ቆም ብለው "ልጄ፣ የከበደህ ነገር አለ?" ባሉኝ ቀን እንኳን "የሥራ ድካም ነው አባ" ብዬ ሸኘኋቸው። አንተ ይህን የምታነበው ማን እንደሆንክ አላውቅም። ለአንተ መናገር የቻልኩትም ስለማላውቅህ ይሆናል። ብቻ እስከ መጨረሻው ስማኝ፤ መሃል ላይ "አይዞህ" እንዳትለኝ።

ያደረግኩት ነገር ሲናገሩት ትንሽ ነው። ሐኪም የተናገረችውን ለአንድ ሽማግሌ አልተረጎምኩም። ይኸው ነው። ሰው አልመታሁም፣ የሰው ዕቃ አልነካሁም። ግን አልተረጎምኩም፣ ሰውየውም የሉም።

ሽማግሌው የባለቤቴ የሂሩት አባት ናቸው፤ አባባ ደምሴ እንላቸው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ደብረ ብርሃን ውስጥ በልብስ ስፌት ነው የኖሩት። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራዎቹ መጀመሪያ ላይ ሂሩት ወረቀታቸውን ጨርሳ አሜሪካ አመጣቻቸውና እኛ ጋ መኖር ጀመሩ፤ ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሪጅናል ኦሮራ የሚባለው ሰፈር፣ ከኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ጥቂት ገባ ብሎ ባለ አፓርትመንት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ። መስኮቱ አጠገብ የስፌት መኪና ገዛንላቸው። የሰፈሩ ሰው ሱሪ ያሳጥሩለት፣ ዚፕ ይቀይሩለት ነበር። ቀጭን ሰው ነበሩ። ቀበቷቸው ላይ በመስፊያቸው ተጨማሪ ቀዳዳ በስተው ነበር። ስኳር ነበረባቸው፤ ግን ያያቸው ሰው ሁሉ "አባባ እኮ ምንም የለባቸውም፣ ስንደዶ መስለው!" ነበር የሚለው።

እኔም ስኳር አለብኝ። እኔም ቀጭን ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ በኋላ እንዳይገርምህ ነው።

ሥራዬ እንግልውድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ክኒን ማደል ነው። ጋሪ እየገፋሁ በየክፍሉ እሄዳለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ ነርስም አይደለሁም። ግን የእኛ ሰው መድኃኒት በተሰጠው ቁጥር ስልክ የሚደውለው ለእኔ ነበር፤ "ብርሃኑ፣ ይኼ ከምግብ በፊት ነው በኋላ?" ይለኛል። አንዳንዶቹ በቀልድ "ዶክተር" ይሉኛል። አይ፣ ተዉ እያልኩ ውስጤ ግን ይሞቅ ነበር። አየህ፣ ከዚህ ነው የጀመረው።

ሌላው ሰው ታደለ ነው። የእኛው ግቢ ጎረቤት፣ የኤርፖርት ሻትል ሹፌር። ታደለ ወፍራም ነው፤ በበር ሲገባ በሩ የጠበበ ይመስላል። እሱም ስኳር አለበት። ግን ስኳር እንዳለበት ከታወቀ ጀምሮ በየጠዋቱ ከሥራ በፊት ሐይቅ ያለበት ፓርክ ሄዶ ይራመዳል። ፈጠን ብሎ ነው የሚራመደው፣ በረዶም ቢሆን፣ ነፋስም ቢሆን። ክብደቱ እምብዛም አልቀነሰም። እኔ በዚህ እስቅበት ነበር። "ይሄ ሁሉ እርምጃ የት ገባ?" እላለሁ ለሂሩት። ቀስ በቀስ ሌሎች ስኳር ያለባቸው ሰዎች አብረውት መራመድ ጀመሩ። ለእኔ የሚደወለው ስልክ ቀነሰ። ሰዎች "ታደለ እንዲህ አለ" ማለት ጀመሩ። ወፍራም ሰው ስለ ጤና ሲያስተምር ማየት እንዴት እንዳንገበገበኝ ልነግርህ አልችልም።

አንድ ቀን በጎረቤት ክርስትና ላይ ወንበር ወደ ፎቅ እናወጣ ነበር። ታደለ ሁለት ሁለት አንጠልጥሎ ይወጣል። እኔ አንድ ይዤ ደረጃው መሃል ላይ ቆምኩ፤ ትንፋሼ አልመጣ አለኝ። ታደለ ከላይ ሆኖ፣ "ዶክተር፣ ነገ ሐይቁ ጋ እንገናኝ እንጂ! ከውጭ ጎረምሳ፣ ከውስጥ ሽማግሌ!" አለና ሳቀ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባባ ደምሴም አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፤ ዛሬ ሳስበው ለእኔ የቀረበ ግብዣ ነበር። ያን ጊዜ ግን የሰማሁት ሳቁን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው የክሊኒኩ ቀጠሮ የመጣው። ሂሩት ሥራ ነበረች፤ እኔ ኦፍ ስለነበርኩ አባባን ይዤያቸው ሄድኩ። ዶክተሯ ገና ስትገባ "በስልክ አስተርጓሚ ላገናኛችሁ?" አለችኝ። "አያስፈልግም፣ ልጃቸው ማለት ነኝ፤ የሜዲካል ሠራተኛ ነኝ" አልኳት። ተመልከት፣ ማንም አላስገደደኝም። በራሴ አፍ "አያስፈልግም" አልኩ።

መጀመሪያ ስለ ስኳራቸው ተናገረች፤ ተረጎምኩ። ስለ ክኒናቸው ተናገረች፤ ተረጎምኩ። ከዚያ ወንበሯን ወደ አባባ አስጠጋችና ዓይን ዓይናቸውን እያየች እንዲህ አለች፦ "ክብደታቸው ጥሩ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ክብደታቸው አይደለም። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ይውላሉ፤ ከዚህች ኮሪደር ሲመጡ እንኳን እንዴት እንደሚተነፍሱ አይቻለሁ። ስኳር ያለበት ሰው ሰውነቱ አቅም ከሌለው ቅጥነቱ ብቻውን አያድነውም። ወፍራም ሆኖ አቅም ያለው ሰው ከእሳቸው በተሻለ ሁኔታ ላይ ሊሆን ይችላል። መራመጃው ማሽን፣ ትሬድሚል ላይ እየሄዱ ልባቸው ይመርመር፤ ደህና ከሆነ በየቀኑ ይራመዱ።"

ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ከራሴ ስም ይልቅ አስታውሰዋለሁ።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እኔን ይጠብቃል። አባባ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አፌን ያያሉ። እኔ ደግሞ ጆሮዬ ውስጥ የታደለ ሳቅ ነበር። ይህች ሐኪም ታደለን ከየት አገኘችው? "ወፍራም ሆኖ አቅም ያለው" ስትል ማንን ማለቷ ነው? ይህን ብተረጉም አባባ ቤት ገብተው "ታደለ ልክ ነው፣ ሐኪሟም መሰከረች" ይሉ የለም? ይህ ቅናት ነው። ግን ቅናት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ከቅናቱ ሥር ፍርሃት ነበር። የተናገረችው ስለ እኔም ነበር። ደረጃው መሃል የቆምኩት እኔ ነኝ። ቅጥነቴን እንደ ክታብ አንገቴ ላይ አስሬ የምኖረው እኔ ነኝ። ያን ቃል በራሴ አፍ፣ በራሴ ቋንቋ ብናገረው እውነት ሊሆን ነው።

ስለዚህ ወደ አባባ ዞሬ፣ "ክብደትዎ ጥሩ ነው ብላለች። መድኃኒትዎን እንዳያቋርጡ ብላለች" አልኳቸው።

አባባ ደስ አላቸው። ዶክተሯን እጅ ነሷት። ለእሷ "ምርመራውን እናስብበታለን" አልኳት።

በማግስቱ ይሁን በሳምንቱ፣ አባባ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው፣ "ይኼ ታደለ በየጠዋቱ ይዤዎት ልሂድ እያለ አላስቀምጥ አለኝ። ምን ትላለህ?" አሉኝ።

"አባባ፣ እሱ የሚራመደው ክብደት ስላለበት ነው" አልኩ። "እርስዎ ምን ሊቀንሱ ነው? አጥንትዎን?"

ሳቁ። "እውነትህን ነው" አሉና መስፋታቸውን ቀጠሉ። እኔን ያምኑኝ ነበር። ይህ ነው የሚያቃጥለኝ፤ ግትር ሰው ቢሆኑ ኖሮ፣ ምክር የማይሰሙ ሰው ቢሆኑ ኖሮ። ከእኔ አፍ የወጣውን ሁሉ ይሰሙ ነበር።

እየቆየ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ቤታችን ድረስ ደረጃው ላይ ሁለቴ መቆም ጀመሩ። ሂሩት ስትጨነቅ "የዴንቨር አየር ነው፤ ከተማው ከፍታ ላይ ስለሆነ ነው" አልኳት። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ደብረ ብርሃን ያረጀን ሰው የዴንቨር ከፍታ እንዴት አድርጎ ያደክመዋል? እኔ አውቅ ነበር። አልኩት ግን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሳቸውን ትንፋሽ ማዳመጥ ሥራዬ ሆነ። ቴሌቪዥን እያየሁ አዳምጣለሁ። ሲያስሉ የቴሌቪዥኑን ድምፅ እቀንሳለሁ። ለመናገር ብዬ አፌን እከፍትና ሌላ ነገር እናገራለሁ፤ ሻይ ይፈልጋሉ ወይ፣ ሂተሩን ልጨምረው ወይ እላለሁ።

ሁለተኛው ቀጠሮ ሲመጣ ሂሩት "እኔ ልውሰዳቸው" አለች። "አይ፣ እኔ ጉዳዩን ስለማውቀው እኔው ልሂድ" ብዬ ፈረቃ ቀየርኩ። ዶክተሯ ከመቀመጧ "መራመድ ጀምረዋል? ምርመራውን ወሰኑ?" ብላ ጠየቀች። ያን ቀን ማስተካከል እችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃ ነበር። "ባለፈው በደንብ አልነገርኳቸውም" ብል ማን ይሰቅለኛል? እኔ ግን ወደ አባባ ዞሬ "ክኒኑን በደንብ እየወሰዱ ነው ወይ ነው የምትለው" አልኩ። አባባ "አዎ፣ አንድም ቀን አላጎደልኩ" አሉ። እኔ ወደ ዶክተሯ ዞሬ፦ "ይራመዳሉ። ምርመራውን ግን ለጊዜው አልፈልግም ብለዋል።"

የመጀመሪያው መተው ነበር፤ ይኼኛው ውሸት ነው። በሰው አፍ ገብቼ ዋሸሁ።

መጋቢት ላይ ያ እርጥብ፣ ከባድ በረዶ ጣለ፤ በዚህ አገር የክረምቱ ማብቂያ ላይ የሚመጣው፣ አካፋ የሚሰብረው። ሂሩት ጠዋት ሥራ ትገባ ስለነበር አባባ ለእኔ ሳይነግሩኝ ቀድመው ወርደው መኪናዋ ላይ የተከመረውን ይጠርጉላት ጀመር። እኔ ጥርሴን እየፋቅሁ በመስኮት አየኋቸው። መጥረጊያውን ይዘው ቆሙ። እጃቸውን መኪናው ላይ አሳረፉ። ከዚያ በጎናቸው በረዶው ላይ ተኙ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ሂሩት ከኋላዬ እየጮኸች 911 ደወለች። አባባ አይተነፍሱም። ሲፒአር፣ ደረት ተጭኖ የቆመ ልብ ማስነሣቱን፣ እችላለሁ፤ መሥሪያ ቤቴ በየጊዜው ያሠለጥነናል። ደረታቸውን መጫን ጀመርኩ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ክንዴ ዛለ። ደረቴ ተቃጠለ፣ ዓይኔ ጨለመ። መጫኔን አላቆምኩም፣ ግን እጄ መግፋት ትቶ መንካት ብቻ ሆኖ ነበር። የሰውየው ነፍስ እጄ ሥር ናት፣ እኔም አቅም የለኝም።

ታደለ ከእርምጃው ሲመለስ ነው የደረሰው። "ተነሥ!" አለኝ፤ በትከሻው ገፋ አደረገኝና ተንበረከከ። ያ የምስቅበት ሰውነቱ እንደ ሞተር ሠራ። ላቡ በረዶው ላይ ይንጠባጠባል፣ ምቱ ግን አልተዛባም፣ አልቀነሰም። አምቡላንሱ እስኪመጣ ድረስ እሱ ነበር። እኔ አጠገቡ በረዶ ላይ ተቀምጬ ትንፋሼን እፈልግ ነበር።

አባባ ተረፉ፤ ከልባቸው ጡንቻ ግን ከፊሉ ሞቶ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ፣ ከነቁ በኋላ፣ የልብ ሐኪሙ መጣ። እዚያ ዘመድ ማስተርጎም አይችልም አሉ፤ በስክሪን ላይ አንዲት የእኛ አገር ልጅ አስተርጓሚ ሆና ቀረበች። ሂሩት የአባቷን እግር ይዛለች። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ሐኪሙ ከክሊኒኩ የተላከለትን መዝገብ እያየ ተናገረ፤ ልጅቷም አጥርታ ተረጎመች፦ "አባባ፣ ሐኪምዎ የልብ ምርመራ እንዲያደርጉና በየቀኑ እንዲራመዱ ነግራዎት ነበር። እርስዎ ደግሞ እራመዳለሁ፣ ምርመራውን ግን አልፈልግም ብለዋል ይላል መዝገቡ። ምክንያትዎ ምን ነበር?"

አባባ ስክሪኑን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው አንገታቸውን አዙረው እኔን አዩኝ። ለምን ያህል ጊዜ እንዳዩኝ አላውቅም። አሁን ይናገራሉ አልኩ። ይናገሩ ብዬም ተመኘሁ፣ አይናገሩ ብዬም ጸለይኩ፤ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ።

"ልክ ነው" አሉ አባባ። "ተነግሮኛል። እኔ ነኝ ችላ ያልኩት። እርጅና ያሰንፋል በይልኝ።"

ሂሩት እግራቸውን ለቀቀች። "አባባ!" አለች። "ተነግሮዎት? ተነግሮዎት ነው እንዲህ የሚያደርጉን? ለእኛ አያስቡም?" አለቀሰች፣ ተቆጣች። አባባ ዝም ብለው ሰሙ። እኔም ዝም ብዬ ሰማሁ። ንገረኝ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው እዚያ ቆሞ ዝም የሚለው? ሞት አፋፍ የደረሱ ሽማግሌ የእኔን ጥፋት ለብሰው በልጃቸው ሲወቀሱ፣ እኔ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር ምን እንደነበር ልንገርህ? እፎይታ ነበር። ይህን ከሁሉ በላይ እጠላዋለሁ።

ከሆስፒታል ሲወጡ አባባ ሐኪሞቹ በፈቀዱላቸው መጠን መራመድ ጀመሩ። ታደለ እየመጣ ይወስዳቸዋል፤ ክንዱን ይሰጣቸዋል፣ ሲደክማቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ያሳርፋቸዋል። አንድ ጠዋት ታደለ ሥራ ስለገባ እኔ ወሰድኳቸው። ሐይቁ ዳር የካናዳ ዝይዎች ሣሩን ሞልተውት ነበር። ጥቂት ሄድንና ተቀመጥን። "አባባ..." ብዬ ጀመርኩ።

"አውቃለሁ" አሉ፣ ውኃውን እያዩ። "ለሂሩት አትንገራት። ትዳራችሁ ይናጋል። እኔ የኖርኩትን ኖሬያለሁ።"

"ለምን እንዳደረግኩት አይጠይቁኝም?"

"ፈርተህ ነበር" አሉ። "ስታስተረጉም ፊትህን አይቼዋለሁ። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም ነበር።" ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና፣ "በል ተነሥ፣ አንተም ይህችን ዙር ጨርስ" አሉኝ።

ይቅር አሉኝ ማለት ነው። እኔስ ይቅርታቸውን ምን አደረግኩበት? ተሸሸግኩበት። "እሳቸው ናቸው አትንገር ያሉኝ" እያልኩ ራሴን አባበልኩበት። የሞተው የልባቸው ክፍል ግን አልተመለሰም። በየወሩ እየተሻላቸው ሳይሆን እየተጠነቀቁ ነበር የሚኖሩት። በዓመቱ ገደማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የስፌት መኪናቸው ላይ እንደተቀመጡ አረፉ።

ልቅሶው ላይ ሂሩት ደረቷን እየመታች ምን እንዳለች መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን መጻፍ አለብኝ። "ቢሰሙ ኖሮ! አባዬ ምነው የሐኪም ምክር ቢሰሙ ኖሮ!" ነበር የምትለው። ሴቶቹም "እውነት ነው፣ ሽማግሌ አይሰማም" አሉ። እኔ ድንኳኑ ውስጥ ወንበር እየደረደርኩ ነበር። አሁንም ድረስ፣ ዓመታት አልፈው፣ የአባቷ ስም በተነሣ ቁጥር ከናፍቆቷ ጋር ያች ቂም ትወጣለች። "ተነግሯቸው እምቢ ብለው" ትላለች። አባቷን እየወደደች ትታዘባቸዋለች። ያን ትዝብት እኔ ነኝ በልቧ ውስጥ የተከልኩት።

እኔም በመጨረሻ ወደ ሐኪም ሄድኩ። ትሬድሚሉ ላይ አወጡኝ፤ ብዙም ሳልሄድ አስወረዱኝ። ሐኪሙ ክብደትህ ጥሩ ነው፣ የሚያሳስበኝ ግን እሱ አይደለም አለኝ። ቃሉን የምደብቅበት፣ የማሳጥርበት ሰው አልነበረም፤ ተቀብዬ ወጣሁ። አሁን ከታደለ ጋር እራመዳለሁ። እሱ አሁንም ወፍራም ነው፣ አሁንም ከእኔ ይቀድማል። "ጋሼ ደምሴ ቀደም ብለው ቢጀምሩ ኖሮ" ይለኛል አንዳንዴ። እኔ "አዎ" እላለሁ። በየጠዋቱ በዚያች "አዎ" እንደገና እዋሻለሁ። ደረቴ በተወጋ ቁጥር፣ ትንፋሼ ባጠረ ቁጥር፣ ዛሬ ነው እላለሁ፤ ሳልናገር ዛሬ እሄዳለሁ እላለሁ።

ቅናት ነበረብኝ፣ ፈርቼ ነበር፣ እሳቸውም አትንገር ብለውኛል፤ ሦስቱም እውነት ናቸው፣ ሦስቱም አያድኑኝም። ምርመራውን ቢያደርጉ ይድኑ ነበር ወይ? አላውቅም። ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው ዕድሉ የእሳቸው እንደነበረና እኔ እንደወሰድኩባቸው ነው።

ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሰው ይቅር ብለውኛል፤ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ሂሩት ደግሞ ይቅር ትበለኝ ብዬ አይደለም የምነግራት። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ሁለታችንም ቤት ነን፤ ሳሎን ውስጥ ልብስ እያጣጠፈች ነው። ይህን ጨርሼ ስነሣ ፊት ለፊቷ እቀመጣለሁ። ከዚያ በኋላ ከቤት ታስወጣኝ እንደሆነ፣ ምን እንደምትለኝም አላውቅም። ግን መጀመሪያ የምላትን ቃል አውቄዋለሁ፦

ሂሩት፣ አባትሽ እምቢ አላሉም። አልተነገራቸውም። ቢነገራቸው ኖሮ ይራመዱ ነበር።